በጎንደር የፖሊስና የወንጀል ችሎት መዝገብ እንዴት ይፈለጋል፣ እንዴትስ ይጠየቃል?

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከአዘዞ መጥተው አቤቱታ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ልጃቸው ተከስሶ በነፃ ከተሰናበተ ከርሟል፤ ለዋስትና ያስያዙት ገንዘብ ግን አልተመለሰላቸውም። የውሳኔውን ግልባጭ ይዘው ሦስት ጊዜ መዝገብ ቤት ሄደዋል። ሠራተኛዋ በየጊዜው መዝገቡን አውጥታ ገልጣ አሳይታቸዋለች፤ ስለ ዋስትና ገንዘብ የሚናገር አንድ መስመር የለበትም። እኔም ግራ ገብቶኝ «ሌላ ወረቀት የለዎትም?» ብላቸው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አራት ላይ የታጠፈ ደረሰኝ አወጡ። እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ሊለቅ ትንሽ ቀርቶታል። የተጻፈበት የመዝገብ ቁጥር ከውሳኔው ቁጥር የተለየ ነበር። ገንዘቡ የተያዘው ክስ ከመመሥረቱ በፊት፣ ልጁ ገና በፖሊስ እጅ ሳለ በተከፈተው የጊዜ ቀጠሮ መዝገብ ላይ ነው።

እኚያ እናት ያን ያህል የተመላለሱት ሰነዱ ጠፍቶ አልነበረም። እኔ እንዳየሁት፣ በጎንደር መዝገብ ፍለጋ ከሚንከራተተው ሰው አብዛኛው እንደ እርሳቸው ነው፤ ታሪኩን ጠንቅቆ ያውቃል፣ መዝገብ የሚወጣው ግን በቁጥር፣ በስምና በቀን ነው። ከዚህ በታች የማካፍለው ቁጥሩን እንዴት እንደሚያገኙት፣ ካገኙት በኋላ ለማን ምን ብለው እንደሚያመለክቱ ነው።

መዝገቡ በማን እጅ እንዳለ ይለዩ

አንድ የወንጀል ጉዳይ አንድ መዝገብ ብቻ ያለው ይመስላል። ነገር ግን ጉዳዩ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር አዲስ ቁጥር ይወጣለታል።

የመጀመሪያው የፖሊስ ነው። አቤቱታ የተቀበለው ጣቢያ ቃልዎን በጽሑፍ ያሰፍራል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚለው የተጻፈው ተነብቦልዎ፣ ቀን ተጽፎበት እርስዎ ይፈርሙበታል። ምርመራ ሲጀመር ደግሞ የምርመራ መዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል። አቤቱታ ያቀረቡ ዕለት ይህን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ጽፈው ይያዙ፤ ኋላ ላይ ለመፈለግ የሚፈጀው ድካም የትየለሌ ነው።

ሁለተኛው የዐቃቤ ሕግ ነው። ፖሊስ ምርመራውን ሲጨርስ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ያስተላልፋል፤ እዚያ ተጨማሪ ምርመራ ይታዘዝበታል፣ ክስ ይመሠረትበታል፣ ወይም ይዘጋል። ጣቢያ ሄደው «መዝገቡ እዚህ የለም» ከተባሉ የሚቀጥለው ጥያቄዎ «በየትኛው ቀን፣ በስንት ቁጥር ደብዳቤ ነው ለዐቃቤ ሕግ የተላከው?» የሚል ይሁን። መሸኛ ደብዳቤው ካለ መዝገቡም አለ።

ሦስተኛው የፍርድ ቤቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ተጠርጣሪው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚከፈተው የጊዜ ቀጠሮ መዝገብና ኋላ ክስ ሲመሠረት የሚከፈተው የክስ መዝገብ የተለያዩ ናቸው። ዋስትና የተፈቀደው፣ ገንዘብ የተያዘው ወይም ንብረት እንዲፈተሽ የታዘዘው ክስ ከመመሥረቱ በፊት ከሆነ የሚፈልጉት ትእዛዝ ያለው በመጀመሪያው ውስጥ ነው። ጥፋተኛ የተባለበት ወይም በነፃ የተሰናበተበት ፍርድ ደግሞ በሁለተኛው ውስጥ።

ይግባኝ ከተባለ ደግሞ ሌላ አዲስ ቁጥር ይመጣል። የላይኛው ፍርድ ቤት የሥር መዝገብ ይቅረብልኝ ብሎ አዝዞ ከሆነ የሥር ፍርድ ቤቱ መደርደሪያ ባዶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲያጋጥምዎ መዝገቡ ጠፋ ብለው አይደንግጡ፤ የተላከበትን ቀንና ቁጥር ይጠይቁ።

የትኛው ፍርድ ቤት?

በከተማው ውስጥ የተፈጸሙ ቀለል ያሉ የወንጀል ጉዳዮች በጎንደር ከተማ ወረዳ ፍርድ ቤት ይታያሉ፤ ከበድ ያሉት ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለው ባሕር ዳር ነው። የፌዴራል ወንጀል ስለሆነ መዝገቡ አዲስ አበባ ነው ብለው አውቶቡስ ለመሳፈር አይቸኩሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደግሞ ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ስለሰጠ፣ ለምሳሌ በመተማ መንገድ የተያዘ የጉምሩክ ወንጀል መዝገብ እዚሁ ክልል ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

የቆየ መዝገብ የሚፈልግ ሰው የፍርድ ቤቱ ስም እንዳያሳስተው እፈራለሁ። ዛሬ ሰሜን ጎንደር ሲባል መቀመጫው ደባርቅ ነው። እስከ 2010 ዓ.ም. አካባቢ ግን ሰሜን ጎንደር ዞን የሚባለው ከመተማ እስከ ስሜን ተራሮች የተዘረጋ ሰፊ ዞን ነበር፤ መቀመጫውም ጎንደር ከተማ። በሦስት ሲከፈል ማዕከላዊ ጎንደር በጎንደር፣ ምዕራብ ጎንደር በገንዳ ውኃ፣ አዲሱ ሰሜን ጎንደር በደባርቅ ተቀመጡ። ስለዚህ በ1990ዎቹ «ሰሜን ጎንደር ከፍተኛ ፍርድ ቤት» ከሚል ራስጌ ጋር የተጻፈ ፍርድ ይዘው ደባርቅ ከመውጣትዎ በፊት ጎንደር ይጠይቁ። ከዚያም በፊት ያለው የራሱ መጠሪያ አለው፤ በደርግ ጊዜ ጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በንጉሡ ዘመን በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ይባል ነበር፤ ከወረዳው በላይም አውራጃ ፍርድ ቤት ነበረ። የአባትዎን ወይም የአያትዎን ጉዳይ ሲያፈላልጉ ማመልከቻዎ ላይ የዘመኑን መጠሪያ ይጻፉት፤ መዝገብ ቤቱ መደርደሪያውን የሚለየው በእርሱ ነው።

ከቤት ሳይወጡ አንድ ገጽ ያዘጋጁ

ነጭ ወረቀት ይውሰዱና የተከሳሹንና የተበዳዩን ሙሉ ስም ከነአያት፣ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀንና ቦታ፣ አቤቱታ የቀረበበትን ጣቢያ፣ የወንጀሉን ዓይነት፣ የሚያስታውሱትን ቀጠሮ ሁሉ ይጻፉ። የመጥሪያ ወረቀት፣ የዋስትና ደረሰኝ፣ የመያዣ ወረቀት፣ ከማረሚያ ቤት የወጣ የመፈቻ ደብዳቤ ካለ ይሰብስቡ። በእያንዳንዳቸው ላይ ቁጥር አለ።

ስም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዓይኔ ያየሁት ችግር ነው። ኃይለ ሥላሴ የሚለው ስም በአንዱ መዝገብ «ኃይለ ሥላሴ»፣ በሌላው «ሀይለስላሴ»፣ በሦስተኛው «ኃ/ሥላሴ» ተብሎ ይጻፋል። በወረቀት መዝገብ ላይ ዐይን ያየውን ያስተካክላል። ኮምፒውተር ግን «ኃ» ተጽፎ የገባን ስም «ሀ» ብለው ቢፈልጉት የለም ይላል። ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሃይ፣ ሠናይትና ሰናይት ለእርሱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በገጽዎ ላይ ስሙ ሊጻፍ የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ ጎን ለጎን ይጻፉና ለሠራተኛው ይስጡት። ተከሳሹ በቅጽል ስም ወይም በክርስትና ስም ቃል ሰጥቶ ከሆነም ይጨምሩት። አንድ ወጣት ወንድሙ የተፈረደበትን መዝገብ ለሳምንታት አጥቶት የተገኘው ተከሳሹ ሠፈር ውስጥ በሚጠራበት ስም ነው።

ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያድርጉት። ከውጭ አገር የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው የመጡ ሰዎች ስምንትን ወይም ሰባትን መቀነስ ረስተው የሌለ ዓመት መዝገብ ሲያስፈልጉ ይውላሉ።

ማን ምን ማግኘት ይችላል?

ተከሳሽ ከሆኑ መብትዎ ጠንካራ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ክሱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎትና የቀረበብዎትን ማናቸውንም ማስረጃ እንዲመለከቱ ይፈቅድልዎታል። ጠበቃዎ ወይም በሕጋዊ ውክልና የሚሠራልዎ ሰውም በእርስዎ ስም ይጠይቃል። የግል ተበዳይ የምርመራውን ደረጃ መጠየቅ፣ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ከዘጋው ውሳኔውን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ይህን የጽሑፍ ውሳኔ ሳይዙ ቢሮውን ለቀው አይሂዱ፤ ቅሬታዎን ወደ በላይ ኃላፊ የሚወስዱት በእርሱ ነው። የሟች ወራሽ ከሆኑ የወራሽነት ማስረጃ ይያዙ።

ጉዳዩ የማይመለከትዎ ሦስተኛ ወገን ከሆኑ ነገሩ ጠበቅ ይላል። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ገብተው መቀመጥ፣ ፍርድ ሲነበብ መስማት ይችላሉ። ግልባጭ መውሰድ ግን ምክንያት ይጠይቃል፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይሰጥም። የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል በዝግ የታየ ጉዳይ አለ። ከ9 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች የተከሰሱበት ጉዳይም በዝግ ነው የሚታየው። በምርመራ ላይ ያለ መዝገብም እንዲሁ አይሰጥም፤ ምስክር ሊሸሽ፣ ማስረጃ ሊጠፋ ይችላልና። ይህ ክልከላ ሲያጋጥምዎ ሠራተኛውን አይቆጡት፤ የእርስዎ ልጅ ምስክር ቢሆን የሚጠብቀው ይኸው ነው።

ከፖሊስ የሚጠየቁ ሰነዶች

በብዛት የሚፈለገው ቀላሉ ነው፤ መታወቂያ፣ ፓስፖርት ወይም ሰሌዳ ጠፍቶ የሚሰጥ ማስረጃ። የጠፋበት ቦታ ወደሚገኝበት ጣቢያ ሄደው ያስመዘግባሉ፣ ደብዳቤ ይወስዳሉ፤ በዚሁ ያበቃል።

የትራፊክ አደጋ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መድን ድርጅቱ የትራፊክ ፖሊስን ሪፖርትና የአደጋውን ፕላን ይጠይቃል። ፕላኑ ተሽከርካሪዎቹ የቆሙበትን፣ የፍሬን ምልክቱን፣ የመንገዱን ስፋት የያዘ ንድፍ ነው፤ ኋላ ማን ጥፋተኛ ነው የሚለው ክርክር የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው። በተቻለ መጠን ፕላኑ ሲነሳ ቦታው ላይ ይኑሩ። የተጎዳው ሰው የሕክምና ማስረጃም ከፖሊስ ደብዳቤ ጋር ተያይዞ ወደ መዝገቡ መግባቱን ያረጋግጡ፤ ሆስፒታሉ በፖሊስ ጥያቄ የሚጽፈው ማስረጃና ለታካሚው የሚሰጠው ወረቀት አንድ አይደሉም። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 በተቋቋመው የመድን ፈንድ በኩል ካሳ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፣ ለዚያም የፖሊስ ሪፖርት መነሻ ነው።

ከወንጀል ነፃ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀባዩን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ። ለአካባቢ ሥራ ከሆነ የከተማው ፖሊስ መምሪያ የሚሰጠው ሊበቃ ይችላል። ለቪዛ ወይም ለውጭ ሥራ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው አዲስ አበባ በፌዴራል ፖሊስ በጣት አሻራ ተመርምሮ የሚሰጠው ነው። የፓስፖርቱና የማስረጃው ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመው ያንብቡ። ጎዳና ላይ «ሳትሄድ አወጣልሃለሁ» የሚልን ደላላ ግን እባክዎን ይሽሹ። የተጭበረበረ ማስረጃ በኤምባሲ ሲታወቅ የሚጠየቀው የያዘው ሰው ነው፤ ንጹሕ ሰው በዚህ ምክንያት ወንጀለኛ ሆኖ ሲገኝ ማየት ያማል።

ከፍርድ ቤት ግልባጭ የማውጣት ቅደም ተከተል

ቁጥሩ ካለዎት ቀጥታ መዝገብ ቤት ይሂዱ። ከሌለዎትና ጉዳዩ ገና በቀጠሮ ላይ ከሆነ በግቢው የሚለጠፈውን የዕለቱን የችሎት ዝርዝር ይመልከቱ፤ የተከራካሪ ስምና የመዝገብ ቁጥር ጎን ለጎን ይወጣል። ከተዘጋ ቆይቶ ከሆነ ያዘጋጁትን ገጽ ሰጥተው በስም ያስፈልጉ። በክረምቱ የፍርድ ቤቶች ዕረፍት ወቅት በአብዛኛው የሚሠሩት ተረኛ ችሎቶች ስለሆኑ፣ የማይቸኩል ጉዳይ ከሆነ ከዚያ ቀድመው ወይም ከጥቅምት ወዲህ ቢያደርጉት ይሻላል። ወደ ገጠር ወረዳ የሚሄዱ ከሆነ ቢሮው ክፍት መሆኑን፣ መንገዱም ሰላም መሆኑን ደውለው ሳያጣሩ አይነሡ።

ከዚያ ማመልከቻ ይጻፋል። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም፤ እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

ለጎንደር ከተማ ወረዳ ፍርድ ቤት
ጎንደር

አመልካች፦ (ሙሉ ስም ከነአያት፣ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ ስልክ)

ጉዳዩ፦ የውሳኔ ግልባጭ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ዐቃቤ ሕግ ከሳሽ፣ (ስም) ተከሳሽ በሆኑበት በመዝገብ ቁጥር … በተያዘው የወንጀል ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በቀን … ዓ.ም. ውሳኔ ሰጥቷል። እኔም በዚሁ ጉዳይ (ተከሳሽ፣ የግል ተበዳይ፣ የተከሳሽ ወኪል) ስሆን ግልባጩን ለ… ስለምፈልገው፣ ተገቢውን ክፍያ ፈጽሜ ከዋናው ጋር ትክክል መሆኑ በማኅተም የተረጋገጠ … ቅጂ እንዲሰጠኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ስም፣ ፊርማ፣ ቀን

በሁለት ቅጂ ያዘጋጁት። አንዱ ገቢ ይደረጋል፤ ሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበትን ቀን አስፈርመው ይያዙ። «ለምን እንደምፈልገው» የሚለውን ባዶ አይተዉት። ለዋስትና ገንዘብ ማስመለሻ፣ ለኤግዚቢት (በማስረጃነት ለተያዘ ዕቃ) መረከቢያ፣ ለይግባኝ፣ ለቪዛ እያለ በግልጽ ሲጻፍ ሬጅስትራሩ፣ ማለትም የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ የትኛውን ክፍል መገልበጥ እንዳለበት ያውቃል፤ አለበለዚያ የፈለጉት ትእዛዝ ሆኖ የሚሰጥዎ ፍርዱ ሊሆን ይችላል። የግልባጭ ክፍያውን ከፍለው ደረሰኝ ይቀበሉ። ያለ ደረሰኝ የሚጠየቅ ገንዘብ አይክፈሉ።

ግልባጩ እጅዎ ሲገባ ከመስኮቱ ሳይርቁ ይመርምሩት። የመዝገብ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የዳኞቹ ስም፣ የተከሳሹ ስም ከነአያት፣ የገጾቹ ቁጥር ሳይዘል፣ በየገጹ ማኅተም፣ መጨረሻው ላይ ከዋናው ጋር ትክክል ስለመሆኑ የሬጅስትራሩ ፊርማ። በተለይ የመጨረሻውን ገጽ የትእዛዝ ክፍል ያንብቡ፤ ዋስትናው ይመለስ፣ ኤግዚቢቱ ይውረስ፣ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ የሚሉት የሚገኙት እዚያ ነው።

ለይግባኝ የሚወስዱ ከሆነ ቀን ይቆጠራል። በ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ማለትዎን ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ያሳውቃሉ፤ ግልባጩ ከደረሰዎት በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻዎን ያቀርባሉ። ስለዚህ ግልባጩን የተቀበሉበት ቀን በጽሑፍ መስፈሩን አጥብቀው ይጠይቁ።

ግልባጩ ላይ ያለው ቃል ምን ማለት ነው?

«ተከሳሹ ይከላከል» የሚል ብይን ፍርድ አይደለም፤ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ተከሳሹ መከላከያውን እንዲያቀርብ የታዘዘበት ነው። «ክሱ ተቋርጧል» ማለት ከሳሽ ክሱን አነሣ ማለት እንጂ ፍርድ ቤቱ ነፃ አለው ማለት አይደለም። «በነፃ ተሰናብቷል» የሚለው ብቻ ነው ነፃ የሚያሰኘው። አሠሪዎች ሦስቱን ሲያምታቱ አይቻለሁ፤ አንድ ሰው እንጀራውን ሊያጣ የሚችልበት ልዩነት ስለሆነ ቃሉን ጣትዎን አስደግፈው ያሳዩአቸው።

ተፈርዶበት ቅጣቱን የጨረሰ ሰውም በሩ አልተዘጋበትም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጊዜውና ጠባዩ ሲፈቅድ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ለፍርድ ቤት የሚያመለክትበትን መንገድ አስቀምጧል፤ በሕጉ አጠራር መሰየም ይባላል። ለዚህም ዋናው ሰነድ የፍርዱ ግልባጭና ከማረሚያ ቤት የሚሰጠው የመፈቻ ማስረጃ ነው።

ቢከለከሉስ?

በቃል የተሰጠ እምቢታ ይዘው አይመለሱ። በፍርድ ቤት ከሬጅስትራሩ ወደ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፣ በፖሊስ ከጣቢያው አዛዥ ወደ መምሪያው፣ በዐቃቤ ሕግ ወደ በላይ ኃላፊው በጽሑፍ ያመልክቱ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለአስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች በሚቀርብ ጥያቄ ላይ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ከዚያ ወዲያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አቅም የሌለው ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ።

ውጭ አገር የሚኖር ሰው ደግሞ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና ሰጥቶ፣ ውክልናው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ካለፈ በኋላ ዘመዱ እንዲያወጣለት ያደርጋል። ውክልናው ላይ «በፍርድ ቤት፣ በፖሊስና በዐቃቤ ሕግ ቀርቦ ግልባጭና ማስረጃ እንዲወስድልኝ» የሚል ሐረግ በግልጽ ይግባ፤ ስለ ቤትና መሬት ብቻ የሚናገር ውክልና መዝገብ ቤት አያስገባም።

ለአዘዞዋ እናት በጊዜ ቀጠሮው መዝገብ ቁጥር አዲስ ማመልከቻ ጻፍን፤ የነፃ ፍርዱን ግልባጭ አባሪ አደረግን። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ እንዲመለስላቸው ትእዛዝ ሰጠ። ገንዘቡን ለመቀበል የተጠየቁት መታወቂያቸውንና ያንን ዋናውን ደረሰኝ ነው። እርሱን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ከመስጠታቸው በፊት ፎቶ ኮፒ አስነሡት፤ ቅጂውንም መልሰው ቋጠሩት።